መስኮቷ ላይ ምልክት ያለባት ካርድ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ፖስት ካርድ ነው። ስለ ሁሉም ካርድ ግን አይደለም። ነገሥታትና ሚኒስትሮች፣ ጋዜጠኞችና ሰላዮች፣ ሙሽሮችና ስደተኞች ያደሩባቸውን የነዚያን ታላላቅ ሆቴሎች መልክ ይዛ ባሕር ስለተሻገረችው ካርድ ነው። ዘመን ስጠራ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ በእኛ ስቆጥር «ዓ.ም.» እላለሁና እንዳትደናገሩብኝ።

የድሮ የሆቴል ካርዶች የታጨቁበትን ሣጥን የሚያገላብጥ ሰው ሁሉ ውሎ አድሮ የሚያጋጥመው ነገር አለ። ከሕንፃው መስኮቶች በአንዱ ላይ በእርሳስ ወይም በቀለም የተሠራች አንዲት የኤክስ ምልክት ያያል። ካርዷን ገልበጥ ያደርጋል፤ «ምልክት ያደረግሁባት የእኔ ክፍል ናት» የሚል ዓይነት ቃል ያነባል። ከዚያ ቀጥሎ የአየሩ ነገር፣ የምግቡ ነገር፣ የጤናው ነገር፣ ሰላምታ። አለቀ።

እስቲ አስቡት። ሆቴሉ ካርዷን ያሳተመው ግርማውን ሊያሳይባት ነው። በመቶ የሚቆጠር መስኮት ተደርድሮ ይታያል፣ ሰው ግን አንድም አይታይም። ያቺ የእርሳስ ጭረት ግን ከዚያ ሁሉ መስኮት አንዱን ለይታ ሰው ታስገባበታለች። እኔን ወደዚህ ነገር የሳበችኝ እሷ ናት። ፊቷ ጥርት ካለ፣ ጠርዟ ካልተነካ፣ ማንም ምንም ካልጻፈባት ካርድ ይልቅ መስኮቷ ላይ ምልክት ያለባትን፣ ጀርባዋ በጽሑፍ የተሞላውን እመርጣለሁ። ነጋዴዎች በዚህ አይስማሙኝም፤ ለእነሱ ንጹሕ ካርድ ነው ዋጋ የሚያወጣው። እኔ ግን ካርድ ሁለት ገጽ አላት ባይ ነኝ። ፊቷ ሆቴሉ እንዲታይለት የፈለገው ነው፤ ጀርባዋ በእርግጥ የሆነው ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያልያዘ ሰብሳቢ የታሪኩን ግማሽ ጥሎታል።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ። በኦስትሪያ ኢማኑኤል ኸርማን የሚባል የምጣኔ ሀብት መምህር ነበረ። ይህ ሰው ሁለት መስመር መልእክት ለመላላክ ሰው ሙሉ የደብዳቤ ዋጋ መክፈል የለበትም ብሎ ተከራከረ። የኦስትሪያ-ሃንጋሪ ፖስታም ሐሳቡን ተቀበለና ኦክቶበር 1 ቀን 1869 የመጀመሪያዋን ካርድ ለሕዝብ አቀረበ። ሥዕል የላትም፤ አንዱ ገጿ ለአድራሻ፣ ሌላው ለመልእክት፣ በቃ። በ1874 ደግሞ በስዊዘርላንድ በበርን ከተማ የዓለም ፖስታ ኅብረት መሠረት ተጣለ፤ ካርዷ ድንበር የምትሻገርበት መንገድም ተከፈተላት።

ሥዕሉ ኋላ የመጣ ነው። የጀርመንና የስዊዘርላንድ ማተሚያ ቤቶች ተራራውን፣ ሐይቁንና ሐይቁ ዳር የቆመውን ሆቴል በቀለም እያተሙ «ሰላምታ ከእንትን አገር» የሚል ጽሑፍ ጣል ያደርጉበት ጀመር። በዚያን ጊዜ የካርዷ ጀርባ ለአድራሻ ብቻ የተፈቀደ ነበርና ጸሐፊው መልእክቱን የሚጽፈው በሥዕሉ ጠርዝ፣ ቦታ ሲያጣም በሰማዩ ላይ ነበር። እንግሊዝ በ1902 ጀርባውን ለሁለት ከፍላ ግራው ለመልእክት፣ ቀኙ ለአድራሻ ይሁን አለች። ሌሎችም ተከተሏት፤ አሜሪካ የፈቀደችው ማርች 1 ቀን 1907 ነው። እንግዲህ አንዲት የአሜሪካ ሆቴል ካርድ ጀርባዋ ያልተከፈለ ከሆነ ከዚያ ቀን በፊት የታተመች ናት ማለት ነው። ቀን ባይጻፍባትም ዕድሜዋን ትናገራለች።

በዚያ ዘመን ታላቅ የሚባል ሆቴል ሁሉ የመጻፊያ ክፍል ነበረው። ጠረጴዛው፣ ቀለሙ፣ ብዕሩ፣ የሆቴሉ ስም የታተመበት ወረቀትና ፖስታ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ካርዷም አብራ ትቀመጣለች፣ ብዙ ጊዜም በነፃ። ሆቴሉ ምን ይጠቀማል ትሉኝ ይሆናል። እንግዳው በገዛ እጁ ጽፎ፣ በገዛ ገንዘቡ ቴምብር ገዝቶ የሆቴሉን ማስታወቂያ ለዘመድ ወዳጁ ይልክለታል! ከዚህ የበለጠ ምን ጥቅም አለ። እነዚያ ካርዶች ዛሬ ድረስ በብዛት የተረፉልን በዚህ ምክንያት ነው።

ፊቷን ግን አትመኑ። ይህን የምላችሁ ካርዷን ለማሳጣት አይደለም፣ አነባበቧን ላሳያችሁ ብዬ ነው። በ1898 ከርት ታይክ የሚባል ጀርመናዊ ስደተኛ በቺካጎ ከተማ ማተሚያ ቤት ከፈተ። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የአሜሪካን ሆቴሎች ደማቅ ቀለም እያለበሰ፣ ገጹ በጣት ሲዳሰስ የጨርቅ ሽመና በሚመስል ካርቶን ላይ ያተመው እሱ ነው። ሆቴሉ የሚልክለት ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ነው፤ ከፎቶግራፉ ጋር ትእዛዝ ይመጣል። የስልክ ምሰሶው ይነሣ፣ ሽቦው ይጥፋ፣ ጣሪያው ቀይ ይሁን፣ በር ላይ አዲስ መኪና ይቁም። ቀለም ቀቢው ሆቴሉን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ሊሆን ይችላል። በቀን የተነሣው ያው ፎቶግራፍ ሰማዩ ጠቁሮ፣ መስኮቶቹ ቢጫ ተቀብተው፣ ከላይ ጨረቃ ተጨምሮለት የሌሊት ካርድ ሆኖ ይወጣል። የማተሚያ ቤቱ መዝገብና የትእዛዝ ወረቀቱ ዛሬ በዚያው በቺካጎ በኒውቤሪ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቆ ይገኛል። ታይክ ለሰብሳቢ የተወው ሌላም ስጦታ አለ፤ በካርዱ ላይ የምትታተም ቁጥርና ፊደል። ፊደሉ ኤ ከሆነ 1930ዎቹ፣ ቢ ከሆነ 1940ዎቹ፣ ሲ ከሆነ 1950ዎቹ ነው። ከፊደሉ በፊት 5 ቁጥር ካለና ፊደሉ ኤ ከሆነ ካርዷ የ1935 ናት።

ማጉያ መነጽር ለዚህ ሥራ ግድ ነው። የኅትመት ካርድ በማጉያ ሲታይ ሥዕሉ ወደ ነጠብጣብ ይበተናል። በፎቶግራፍ ወረቀት ላይ በቀጥታ የታጠበች ካርድ ግን ነጠብጣብ የላትም፤ ባጎላችኋት ቁጥር የበረንዳው ወንበር፣ የአስተናጋጁ ቁልፍ፣ የመጋረጃው ጥለት እየጠራ ይሄዳል። እንዲህ ያለችውን ስታገኙ አትልቀቋት።

እንግዲህ ወደ ሆቴሎቹ ልግባ።

ሳሙኤል ሼፐርድ የሚባል እንግሊዛዊ በ1841 በካይሮ ሆቴል አቋቋመ። ኋላ በስሙ የተጠራው ሼፐርድ ሆቴል በኤዝበኪያ የአትክልት ቦታ አጠገብ ቆሞ መቶ ዓመት ያህል የምሥራቁ ዓለም መተላለፊያ ሆነ። ወደ ህንድ የሚሻገረው፣ ወደ ሱዳን የሚወርደው፣ በአባይ ላይ በመርከብ ወደ ሉክሶር የሚወጣው ፈረንጅ ሁሉ እዚያ ያርፋል። በካርዶቹ ላይ ከሁሉ በላይ የሚታየው የፊት በረንዳው ነው። ከመንገዱ ከፍ ብሎ በብረት አጥር የታጠረ፣ የቀርከሃ ወንበሮች የተደረደሩበት፣ እንግዳው ሻይ እየጠጣ ከተማውን ወደ ታች የሚመለከትበት። በአንዳንዶቹ ላይ ከበረንዳው ሥር አስጎብኚዎችና ሻጮች አንገታቸውን ቀና አድርገው ቆመዋል። እኔ ያን በረንዳ ሳይ ዓይኔ የሚያርፈው በከፍታው ልዩነት ላይ ነው። ከላይ ተቀምጦ ማየትና ከታች ቆሞ መታየት። ካርዷ ይህን ልትናገር አልታተመችም፤ ግን ተናግራዋለች።

ታዲያ ጃንዋሪ 25 ቀን 1952 የእንግሊዝ ጦር በኢስማዒሊያ ከተማ የግብፅ ፖሊሶችን ከብቦ ሃምሳ ያህሉን ገደለ። በማግስቱ ቅዳሜ ካይሮ ተነሣች። ሲኒማ ቤቱ፣ ባንኩ፣ የውጭ ሰው ሱቁ ሁሉ ጋየ፤ የተቃጠለው ሕንፃ ወደ 750 ይደርሳል። ሼፐርድም በዚያ ቀን አመድ ሆነ። ልክ በስድስት ወሩ የግብፅ ጦር መኮንኖች ንጉሥ ፋሩክን አወረዱት። በ1957 በዚያው ስም አዲስ ሆቴል በአባይ ዳር ተሠራ፤ ቦታውም ሕንፃውም ግን ሌላ ነው። እንግዲህ የፈርዖን ቤተ መቅደስ ምሰሶዎችን አስመስሎ የተሠራው የድሮው ሼፐርድ አዳራሽ ምን ይመስል እንደነበር ማየት የሚፈልግ ሰው ከተረፉለት ማስረጃዎች አንዷ ያቺ በነፃ ትታደል የነበረች ካርድ ናት። ሕንፃው ሄዷል፣ ማስታወቂያው ቀርቷል።

አሁን ወደ ኢየሩሳሌም ልውሰዳችሁ፤ እዚህ ላይ የራሳችን ታሪክ አለ።

ኪንግ ዴቪድ ሆቴል በግብፅ አይሁድ ባለሀብቶች ገንዘብ ተሠርቶ በ1931 ተከፈተ። ቀላ ባለ የኢየሩሳሌም ድንጋይ የተገነባ፣ ከመስኮቱ የአሮጌዋ ከተማ ግንብ የሚታይ ሆቴል ነው። ከተከፈተ ገና አምስት ዓመቱ ነው ይህ የምነግራችሁ ነገር ሲሆን። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በባቡር ከአዲስ አበባ ወጡ። ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ሚያዝያ 30 ቀን ሃይፋ ደረሱ። እሳቸው ባሕር ላይ ሳሉ የኢጣሊያ ጦር አዲስ አበባ ገብቷል። ከሃይፋ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥተው ያረፉት በኪንግ ዴቪድ ሆቴል ነው። ለመንግሥታቱ ማኅበር የአቤቱታ ቴሌግራም የላኩትም ከዚያችው ከተማ ነው። ከሳምንታት በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገሩ፤ ሰኔ 23 ቀን ደግሞ ጄኔቭ ላይ ቆመው ለዓለም ተናገሩ።

የ1930ዎቹ የኪንግ ዴቪድ ካርድ ይህን አንዱንም አታሳይም። ሕንፃው በፀሐይ ደምቆ ቆሟል፣ ዛፎቹ ገና ልጅ ናቸው፣ በር ላይ አንድ ሁለት መኪና ይታያል። ነገር ግን ከነዚያ መስኮቶች በአንዱ በኩል አገሩን የተነጠቀ ንጉሥ የጽዮንን ተራራ ሲመለከት ነበር። ይህን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ካርዷን ሲያይ ሌላው ሰው የሚያየውን ብቻ አያይም። ሜይ 1936 የሚል ማኅተም ያረፈባትን የዚህን ሆቴል ካርድ ዘወትር እፈልጋለሁ። ማን እንደጻፋት ግድ የለኝም። በዚያ ሰሞን እዚያ ያደረ አንድ መንገደኛ ስለ ንጉሡ አንዲት መስመር ጣል አድርጎ ቢሆንስ?

የዚህ ሆቴል ካርዶች ዕድሜ የሚለይበትን መንገድም ልንገራችሁ፤ ፎቁን መቁጠር ነው። ሲከፈት ስድስት ፎቅ ነበር፤ ኋላ ላይ ተጨማሪ ፎቅ ተሠራበት። በመካከሉ ደግሞ ጁላይ 22 ቀን 1946 አለ። የእንግሊዝ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በነበረበት በደቡቡ ክንፍ ኢርጉን የተባለው የአይሁድ ታጣቂ ቡድን በወተት ማመላለሻ ቆርቆሮ ደብቆ ያስገባው ፈንጂ ፈነዳና 91 ሰዎች አለቁ። ስለዚህ ካርዷን ስትይዙ ደቡቡን ክንፍ ተመልከቱ፣ ፎቁን ቁጠሩ፣ ከዚያ ማኅተሙን አንብቡ። ሦስቱ ከተስማሙ ዘመኗን አገኛችሁ።

በስደቱ ዘመን ንጉሡ በእንግሊዝ አገር በዎርዚንግ የባሕር ዳርቻ በዋርንስ ሆቴልም ተቀምጠው ነበር። ያም በካርድ ብዙ የታተመ የባሕር ዳር ሆቴል ነው። ዛሬ የለም።

አሁን ሌላ ሆቴል፣ ሌላ አህጉር። በአሜሪካ በኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ በአገሩ ሰሜን ምሥራቅ ክፍል ከፍተኛው በሆነው በዋሽንግተን ተራራ ግርጌ የቆመ፣ ማውንት ዋሽንግተን የሚባል ነጭ ሆቴል አለ፤ ጣሪያው ቀይ ነው። በከሰልና በባቡር ሐዲድ የከበረው ጆሴፍ ስቲክኒ በኢጣሊያ ግንበኞች አሠርቶ ጁላይ 28 ቀን 1902 አስመረቀው። ሰውየው በዓመቱ ሞተ፤ ሆቴሉን በቅጡ ሳያየው። በረንዳው ሕንፃውን ከቦ ወደ 270 ሜትር የሚጠጋ ርዝመት አለው። ካርዶቹ የትየለሌ ናቸው። ከሜዳው በኩል የተነሣ፣ ከተራራው ላይ የተነሣ፣ የዛፉ ቅጠል ሲቀላ የተነሣ። አብዛኞቹ እንግዶች ለበጋ ዕረፍት የሚመጡ ሀብታሞች ነበሩና ጀርባው ላይ የሚነበበው የጎልፍ፣ የሽርሽርና የንጹሕ አየር ወሬ ነው።

ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣና ሆቴሉ ተዘጋ። በ1944 ግን የአሜሪካ መንግሥት የዓለምን የገንዘብ ሥርዓት የሚወስን ጉባኤ ሲጠራ እንግሊዛዊው ጆን ሜይናርድ ኬንስ በጁላይ ሙቀት ዋሽንግተን ከተማ ላይ አታድርጉብን ብሎ ለመነ፤ ልቡ የታመመ ሰው ነበር። ተራራማው ቦታ ተመረጠ። ያ ተዘግቶ የከረመ ሆቴል በጥድፊያ ተጠግኖ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ከ44 አገሮች የመጡ ወደ 730 የሚጠጉ መልእክተኞችን ተቀበለ። ጉባኤው ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 15 ቀን 1936 ዓ.ም. ቆየ። የዓለም ባንክና የዓለም የገንዘብ ድርጅት የተፀነሱት እዚያ ነው። ብሬተን ውድስ ሲባል የምትሰሙት ያው ሆቴሉ ያለበት ቦታ ስም ነው።

ከነዚያ 44 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ከአፍሪካ የተጠሩት ግብፅ፣ ኢትዮጵያ፣ ላይቤሪያና ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናቸው። የኢትዮጵያ መልእክተኞች መሪ በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ሚኒስትር የነበሩት ብላታ ኤፍሬም ተወልደ መድኅን ናቸው። ከእሳቸው ጋር አሜሪካዊው የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ገዥ ጆርጅ ብሎወርስ ነበር፤ በዓመቱ በወጣው አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ኖት ላይ ፊርማው ያረፈው ሰው ማለት ነው። ለኢትዮጵያ በገንዘብ ድርጅቱ የተመደበላት ድርሻ 6 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከአጠቃላዩ 8.8 ቢሊዮን ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው፤ ግን ወንበር ነው፣ ስም ነው፣ ፊርማ ነው።

እኔ በአልበሜ ውስጥ ኪንግ ዴቪድንና ማውንት ዋሽንግተንን ጎን ለጎን ያስቀመጥኳቸው ስለዚህ ነው። በአህጉር ብትሄዱ፣ በሕንፃ ጥበብ ብትሄዱ፣ በአሳታሚ ብትሄዱ አይገናኙም፤ ሥርዓት የሚወድ ሰብሳቢ ለየብቻቸው ነው የሚያስቀምጣቸው። በመካከላቸው ያለው ግን ስምንት ዓመት ነው። በአንደኛው የኢትዮጵያ ንጉሥ የመንግሥታቱ ማኅበር አይቶ እንዳላየ ሊያልፈው የተዘጋጀ አቤቱታ ይዞ አደረ። በሁለተኛው ነፃ ከወጣች ገና ሦስት ዓመቷ የሆነ አገር መልእክተኛ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ መልእክተኞች ጋር በአንድ አዳራሽ ተቀመጠ። ሁለት ካርድ፣ ሁለት ሆቴል፤ በመካከላቸው አምስት ዓመት ጦርነት፣ አርበኝነትና ስደት። ይህን ማንም አሳታሚ አስቦ አላተመውም። ሰብሳቢ ነው የሚያገናኘው፣ የሰብሳቢነት ዋናው ቁም ነገርም ለእኔ ይኸው ነው።

ካርድ ማሰባሰብ የልጅ ጨዋታ ነው የሚሉ አሉ። ታላቁ አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ዎከር ኤቫንስ ከልጅነቱ ጀምሮ ያሰባሰባቸው ወደ 9,000 የሚሆኑ ካርዶች ዛሬ በኒውዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛሉ። የመዋቢያ ኩባንያ ባለሀብት የነበረው ሌናርድ ላውደርም በልጅነቱ የኤምፓየር ስቴትን ሕንፃ ካርድ ገዝቶ የጀመረውን ስብስብ ኋላ ለቦስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ሰጥቷል። ቁም ነገር መሆኑን የሚያውቁ አውቀውታል።

እሺ፣ የራሳችንስ? ወደ አዲስ አበባ እንመለስ።

እቴጌ ጣይቱ ሆቴል በ1898 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው ይባላል። አባቶች ሲተርኩ ምግብ በገንዘብ መሸጥ እንደ ነውር የሚታይበት ዘመን ነበርና መጀመሪያ ላይ የሚከፍል ሰው ጠፋ ይላሉ። ዳግማዊ ምኒልክ ይህን አይተው መኳንንቱን ይዘው ሄዱና በልተው ሲያበቁ ከኪሳቸው አውጥተው ሒሳቡን ከፈሉ፤ ከዚያ በኋላ ለመክፈል የሚያፍር አልተገኘም ይላል ትረካው። ፈረንጆቹ ባስተዳደሩት ጊዜ «ኢምፔሪያል» ብለው ጠርተውታል። ስለዚህ በድሮ ካርድ ላይ «ኢምፔሪያል ሆቴል፣ አዲስ አበባ» የሚል ብታዩ ሌላ ሆቴል ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ሰፊውን የፊት ደረጃውንና የእንጨት በረንዳውን ተመልከቱ፣ ታውቁታላችሁ።

ከዚያ ዘመን የተረፈ የኢትዮጵያ ካርድ ስትይዙ ቴምብሩን አጥብቃችሁ እዩ። የምኒልክ መልክ ያለባቸው የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮቻችን በ1894 በፓሪስ ታትመው ወጡ፤ ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ግን በ1908 ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት የምኒልክ ቴምብር ከአገር ውጭ አያደርስም ነበር። ደብዳቤውም ካርዱም በጅቡቲ በኩል ሲያልፍ የፈረንሳይ ግዛቱ ቴምብር መጨመር ነበረበት። ሁለቱም ቴምብር፣ ሁለቱም ማኅተም ያለባት ካርድ የተጓዘችበትን መንገድ በራሷ ላይ ይዛ ትዞራለች፤ ከሸዋ በበቅሎ፣ ከድሬዳዋ በባቡር፣ ከጅቡቲ በመርከብ።

ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ላይ እሳት ተነሣ። ከሕንፃው የተቃጠለው ተቃጠለ፣ ጃዝ የሚሰማበት አዳራሽም አብሮ ወደመ። ሆቴሉ ሲታደስ ጥንት ምን ይመስል ነበር ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ካርዷ ዝም ብላ የምትቀመጥ ጌጥ አይደለችም፤ የመስኮቱን አከፋፈል፣ የበረንዳውን እንጨት፣ የጣሪያውን ጫፍ የምታሳይ ማስረጃ ናት። የካይሮው ሼፐርድ ላይ የደረሰውን አስቡና ይህን ፍረዱ።

ስለዚህ የምለምናችሁ ነገር አለኝ። በአዲስ አበባም ሁኑ በዋሽንግተን፣ በኢየሩሳሌምም ሁኑ በሮም፣ በእናቶቻችሁና በአባቶቻችሁ ሣጥን ውስጥ ካርድ አለ። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ለትምህርት ውጭ የወጣው ልጅ ካደረበት ሆቴል ለቤተሰቡ የላካት፣ ወይም አገር ቤት ያለው ወገን ከግዮን፣ ከራስ ሆቴል፣ ከሂልተን ገዝቶ ባሕር ማዶ ላለው የላካት። ቴምብሯን በውኃ ነክራችሁ አታላቅቁ፤ ቴምብር ሰብሳቢ ሲያላቅቅ ማኅተሙን ይዞ ይሄዳል፣ ከማኅተሙ ጋር ቀኑና ቦታው ይጠፋል። በእስክሪብቶ ምንም አትጻፉባት፣ በማጣበቂያ አልበም ላይ አትለጥፏት፤ ጀርባዋ ይቀደዳል። ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ፣ በንጹሕ ፕላስቲክ ሽፋን አስቀምጧት።

ከሁሉ በፊት ግን የጻፋትን ወይም የተላከችለትን ሰው በሕይወት ካለ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት። መቼ ነበር? ከማን ጋር ነበርክ? የትኛዋ መስኮት ነበረች ያንተ? የሚነግራችሁን በሌላ ወረቀት ጻፉና ከካርዷ ጋር አብራችሁ አኑሩት። ዛሬ ማታ ጀምሩት፤ ለነገ አታሳድሩት።